የዘንባባው ግንድ ውስጥ ቀለበት የለም፤ የጥዱ ቀለበትስ ዓመት ይቆጥራል?

አናጢው ከባሕር ዳር፦

ሰላም ለሁላችሁ። ባሕር ዳር አንድ እንጨት ቤት ውስጥ የምሠራ አናጢ ነኝ። ሰሞኑን ሁለት ነገር ግራ ገብቶኝ ነው የመጣሁት።

አንደኛው ዘንባባ ነው። ያ መንገድ ዳር የሚተከለው፣ ረጅሙ፣ ቅጠሉ ማራገቢያ የሚመስለው። ነፋስ ጥሎት አለቃችን "ዱካ እናወጣበታለን" ብሎ ግንዱን አስጭኖ አመጣው። በሞተር መጋዝ ስንቆርጠው የለመድነውን ነገር አጣን። ቀለበት የሚባል የለውም። የተቆረጠው ፊት ላይ ያለው ቡናማና ጥቁር ነጠብጣብ ብቻ ነው። ዳር ዳሩን ነጠብጣቡ በጣም ተጠጋግቷል፤ ወደ መሃል ስትሄድ ይሳሳል። መሃሉ ውሃ ቋጥሯል፣ በአውራ ጣት ስትጫነው ይሰምጣል። የመጋዙ ሰንሰለት በጭረት እየተተበተበ ደጋግሞ አቆመን። ከሁሉ የገረመኝ ደግሞ ከውጭ ሲታይ ግንዱ ከታች እስከ ላይ ቀለበት በቀለበት መሆኑ ነው። ውጭው እንዲህ ሆኖ ውስጡ እንዴት ባዶ ይሆናል?

ሁለተኛው ጥድ ነው። አንድ ደንበኛ ከፈረሰ አሮጌ ቤት የወጣ ወፍራም የጥድ ወራጅ አምጥቶ ጠረጴዛ አዘዘን። "ዕድሜውን ቆጥረህ ንገረኝ፣ ጠረጴዛው ላይ አስቀርጸዋለሁ" አለ። ፊቱን በብርጭቆ ወረቀት አለስልሼ ቆጠርኩ። በአንዱ አቅጣጫ 140 ገደማ መጣ። በሌላው አቅጣጫ ከ120 አላልፍ አለ። ያው አንድ እንጨት ነው!

አብሮኝ የሚሠራው ልጅ ደግሞ "የሐሩር አገር ዛፍ ቀለበት የለውም፣ ያ የፈረንጅ አገር ነገር ነው" ብሎ ድርቅ አለብኝ። የምታውቁ ካላችሁ እስቲ አስረዱን።

ሚኪ የመርካቶው፦

ወንድሜ ምን አስጨነቀህ? አንድ ቀለበት አንድ ዓመት ነው፣ ልጅ ሆነን ተምረነዋል። ሁለቱን ደምረህ ለሁለት ክፈልና 130 ብለህ ቅረጽለት። ዘንባባው ላይ ግን እኔም አላውቅም።

እትዬ ዝግባ፦

ሚኪ ልጄ፣ የተማርከው ልክ ነው፤ በረዶ ለሚጥልበት አገር። እዚያ ዛፉን የሚያስተኛው ብርድ ነው፣ እሱም በዓመት አንዴ ሳይቀር ይመጣል። እኛ ጋ የሚያስተኛው ጥም ነው። ጥም ደግሞ ቀን ቆርጦ አይመጣም። እኔ ጡረታ እስክወጣ ደን ውስጥ ነው የኖርኩት፤ ከተመራማሪዎች ጋር እየዞርኩ ከዛፍ ናሙና ስናወጣ ብዙ አይቻለሁ። ስለዚህ ትንሽ ላስረዝመው፣ ታገሡኝ።

ቀለበቱ ከየት ይመጣል? ቅርፊቱና እንጨቱ በሚገናኙበት ቦታ ስስና እርጥብ ሽፋን አለ። ካምቢየም ይባላል። እርጥብ ባሕር ዛፍ ስትልጥ እጅህን የሚያሟልጭህ እዚያ ጋ ነው። ይህ ሽፋን ወደ ውስጥ እንጨት ይሠራል፣ ወደ ውጭ ቅርፊት ይሠራል። ውሃ በበቂ ሲኖር የሚሠራቸው ሕዋሳት ሰፋፊ፣ ግድግዳቸውም ስስ ነው። ጥድ ላይ ፈዘዝ ያለው ሰፊ ክፍል እሱ ነው። አፈሩ መድረቅ ሲጀምር ሥራው ይቀዘቅዛል፤ ትንንሽና ግድግዳቸው የወፈረ ሕዋሳት ያወጣል። ጠቆር ያለችው ቀጭን መስመር እሷ ናት። ከዚያ ያቆማል። ዝናብ ሲመጣ ከዚያችው መስመር አጠገብ ፈዛዛውን እንደገና ይጀምራል። አንተ የቆጠርከው እንቅልፉን ነው። ዓመቱን ለማወቅ "ይህ ዛፍ በዓመት ስንቴ ይተኛል?" ብለህ መጠየቅ አለብህ።

መልሱ እንደየአገሩ ነው። መተማ በረሃ ውስጥ ዝናቡ አንዴ ነው። የዕጣን ዛፉ በጋውን ሙሉ ቅጠል የለውም። እዚያ አንድ ቀለበት አንድ ዓመት መሆኑ በጥናት ተረጋግጧል። ቦረና ሂድ፣ ዝናቡ ሁለቴ ነው፣ ገናና ሐገያ የሚሏቸው ወቅቶች። በመሃል ሁለት ደረቅ ጊዜ አለ፤ ስለዚህ ዛፉ በዓመት ሁለት ቀለበት ሊያወጣ ይችላል። የመሃሉ ደጋ ከሁሉም ይብሳል። በልግ አንዳንድ ዓመት ደህና ይዘንባል፣ አንዳንድ ዓመት ጭራሽ ይቀራል። የካቲትና መጋቢት ዘንቦ ግንቦት ላይ ሲቋረጥ ጥዱ ሸለብ ያደርገዋል፣ ጠቆር ያለች መስመር ያወጣል፤ ሰኔ ሲገባ ይነሣና ይቀጥላል። ያቺ መስመር ሐሰተኛ ቀለበት ትባላለች። በማጉያ መነጽር ካየሃት ትለያለች። እውነተኛው ቀለበት ወደ ውጭ በኩል ያለው ጠርዙ በቢላ የተቆረጠ ያህል ጥርት ያለ ነው፣ ምክንያቱም ዛፉ በእርግጥ ቆሞ ነበር። ሐሰተኛው ግን በሁለቱም በኩል ቀስ እያለ ይደበዝዛል።

አንተ 140 እና 120 ያገኘህበት ምክንያት ደግሞ ሌላ ነው። የሐበሻ ጥድ ግንዱ ድፍን ክብ ሆኖ አያድግም፤ ጎድጎድ፣ ጎበጥ ይላል። ክፉ ዓመት ሲመጣ ካምቢየሙ በአንዱ ጎን ብቻ ይሠራና በሌላው ጎን ይቀራል። ቀለበቷ ከአንድ ጎን ትነሣና እየቀጠነች ሄዳ ከጎረቤቷ ጋር ትዋሃዳለች። አንዷን ይዘህ በእርሳስ ዙሪያውን ተከተላት፤ የምትጠፋበትን ቦታ ራስህ ታገኘዋለህ። ለዚህ ነው ባለሙያ በአንድ መስመር ቆጥሮ የማይረካው። በሁለት ሦስት አቅጣጫ ይቆጥራል፤ ከዚያ ከሌሎች ዛፎች ጋር ያመሳክራል። በአንድ አካባቢ ያሉ ጥዶች ክፉውን ዓመት አብረው ስለሚያዩት የጠባቡና የሰፊው ቅደም ተከተል ይገጥማል። በአንዱ ላይ የጎደለ በሌላው ላይ ይገኛል። በ2008 እ.ኤ.አ. የወጣ አንድ ጥናት ከተለያየ የኢትዮጵያ ደጋ የተወሰዱ ጥዶች የጋራ የዝናብ ምልክት እንዳላቸው አሳይቷል። የስምጥ ሸለቆ ግራሮችንም አጥንተዋቸዋል። ዶ/ር አስቴር ገብረክርስቶስ በዚህ ሥራ የታወቀች ኢትዮጵያዊት ናት። ግራር ላይ ወሰኑ ከጥድ ይልቅ ድብቅ ነው፤ ቀጭን ፈዛዛ ክር ናት፣ በማይክሮስኮፕ ሲያዩዋት የካልሲየም ክሪስታል የተደረደረባት።

አብሮህ ለሚሠራው ልጅ ደግሞ እንዲህ በለው። ግማሽ እውነት ይዟል። ዓመቱን ሙሉ በሚዘንብበት፣ ሙቀቱም በማይለዋወጥበት ደን ውስጥ ብዙ ዛፍ የማያቋርጥ እንጨት ይሠራል፤ ቀለበቱ ወይ አይታይም ወይ አይታመንም። ግን ሐሩር አገር ሁሉ እንደዚያ አይደለም። ጃቫ ደሴት ላይ ያለው ቲክ በየበጋው ቅጠሉን ያራግፋል፣ ቀለበቱ ጥርት ያለ ነው። አማዞን ውስጥ ማናውስ አካባቢ ደግሞ ነገሩ ተገልብጧል። ወንዙ በየዓመቱ አሥር ሜትር ያህል ሞልቶ ደኑን ለወራት ያጥለቀልቀዋል። ሥሩ አየር ያጣል፣ ዛፉ ሥራ ያቆማል፣ ቀለበት ይወጣል። እኛን ጥም ያስተኛናል፣ እነሱን ጎርፍ!

"ዓመታዊ መሆኑን በምን አወቁ?" ትል ይሆናል። ቀላሉ መንገድ ቢላ ነው። በ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. ማሪዮ የተባለ ፈረንሳዊ ያስለመደው ነው። ቅርፊቱን በትንሹ መስኮት አድርገህ ትከፍትና ካምቢየሙን ታቆስላለህ፣ ቀኑን ትጽፋለህ። ከዓመት በኋላ እዚያው ላይ ስትመለስ ከጠባሳው ወዲህ ስንት ቀለበት እንደተሠራ ታያለህ። ሌላው የኒውክሌር ቦምብ ነው፤ አትሳቁ። ኃያላኑ አየር ላይ ቦምብ ሲሞክሩ በከባቢ አየር ያለው ራዲዮካርቦን የሚባለው ጨረር አመንጪ ካርቦን አሻቅቦ ነበር፣ ጣሪያው በ1963ና በ1964 እ.ኤ.አ. አካባቢ ነው። በምድር ላይ ያለ ዛፍ ሁሉ ያንን አየር ስቧል። አንዲት ቀለበት ፈልቅቀው ላቦራቶሪ ሲሰጡ ከዚያ ዘመን መሆን አለመሆኗ ይታወቃል።

ይህ ለጨዋታ ብቻ አይደለም። የዕጣን ዛፎችን ቀለበት ቆጥረው ያገኙትን በ2019 እ.ኤ.አ. አሳትመዋል፤ በብዙ ቦታ ለአሥርተ ዓመታት አዲስ ችግኝ አድጎ ዛፍ አልሆነም። ያሉት ሽማግሌዎች ብቻ ናቸው። ከብቱ ይግጣል፣ እሳቱ ይበላል። በዚሁ ከቀጠለ የዕጣን ምርቱ በ20 ዓመት ውስጥ በግማሽ ይወርዳል ብለዋል። ቀለበት ባይቆጠር ኖሮ ደኑን ከሩቅ አይቶ "አለ እኮ!" የሚል ብቻ ነበር የሚኖረው።

ስለ ዘንባባው ማታ እመለሳለሁ። ወጥ ጥጄ ነው።

የአል ዓይኑ፦

እትዬ እስኪመለሱ እኔ የማውቀውን ላዋጣ። አል ዓይን፣ ኤምሬትስ፣ ቴምር እርሻ ላይ ነው የምሠራው። ከውጭ የምታየው ምልክት ቅጠሉ የነበረበት ቦታ ነው። እኛ በየዓመቱ የደረቀውን ቅጠል ከሥር እንቆርጣለን፣ ጉቶው ግንዱ ላይ ይቀራል። ቴምር ላይ ቀለበት አይሆንም፣ ጠመዝማዛ ሆኖ እየተደራረበ ይወጣል። የወጣበትን ሰው እግር የሚይዘው እሱ ነው።

ሌላ የተማርኩት፣ ቴምርን ከጫፉ ከነካኸው አለቀ። ነፍሱ እዚያ ነው ያለው። ቀይ የዘንባባ ነቀዝ የሚባል ተባይ አለ፤ ትሉ ውስጥ ውስጡን በልቶ እዚያ ከደረሰ ዛፉ አናቱ ይደፋል፣ በቃ። ግንዱንም በከንቱ አታቁስለው ይሉናል፤ ያቆሰልከው ጠባሳ ከዓመታት በኋላም እንዳለ ነው፣ አይሸፈንም። ለምን እንደሆነ ግን እትዬ ያስረዱን።

እትዬ ዝግባ፦

የአል ዓይኑ፣ እግዜር ይስጥህ፣ ሥራዬን አቀለልክልኝ። የማይሸፈነው ካምቢየም ስለሌለው ነው። ዘንባባ ዝምድናው ከሣርና ከበቆሎ ጋር ነው። ጥድ ላይ ብታቆስል ዳር ዳሩ አብጦ በጊዜ ብዛት ቁስሉን ይውጠዋል፤ ሚስማር እንኳ ብትመታበት ከዓመታት በኋላ እንጨቱ ውስጥ ታገኘዋለህ። ዘንባባ ግን በጎኑ አዲስ ንብርብር አይጨምርም። ንብርብር ከሌለ ቀለበት ከየት ይምጣ?

አናጢው፣ ያየኸው ነጠብጣብ ውሃና ምግብ የሚያመላልሱት ቱቦዎች ናቸው፤ በጠንካራ ጭረት የታሸጉ። ለስላሳው ሥጋ ውስጥ ተበትነው የቆሙት በኮንክሪት ውስጥ እንዳለ ፌሮ ነው። ዳር ላይ የሚበዙት ግንዱን የሚያጎብጠው ነፋስ ኃይሉ የሚያርፈው ዳር ላይ ስለሆነ ነው። መጋዝህን የተበተበው እሱ ጭረት ነው።

ታዲያ ግንዱ እንዴት ወፈረ? ይሄ ነው እኔን ሁልጊዜ የሚደንቀኝ። ዘንባባ መጀመሪያ ስፋቱን ይጨርሳል። ችግኙ ለዓመታት መሬት ላይ ቁጭ ብሎ ቅጠል ብቻ ሲያወጣ "ይሄ አላድግ አለ" ትላለህ። ጫፉ ግን እዚያው አፈር ደረጃ ላይ እየሰፋ ነው። መጠኑ ሲደርስለት ወደ ላይ ይነሣል፤ ከዚያ ወዲያ የሚጨምረው ቁመት ነው። ስለዚህ ቁመታቸው የሚበላለጥ ሁለት ዘንባባዎች ውፍረታቸው እኩል ቢሆን አይግረምህ። አንዳንዶቹ ያሉት ሕዋሳት እያበጡ ትንሽ ይወፍራሉ፤ አዲስ ንብርብር ግን አይደለም። ሌላም ጉድ አለ፤ የታችኛው ግንድ ላይ ያሉ ሕዋሳት ያኔ ዘንባባው ልጅ ሳለ የተሠሩት ራሳቸው ናቸው፣ እስከ ዛሬ በሕይወት አሉ። የጥድ መሃል ግን ሞቶ የደረቀ እንጨት ነው።

ከውጭ ያለው ቀለበት የቅጠል ጠባሳ ነው፣ የአል ዓይኑ እንዳለው። ከእሱ ዕድሜ መገመት ይቻላል፣ ቅጠሉ በዓመት ስንት እንደሚወጣ ካወቅክ። ኮኮናት በደህና ጊዜ በወር አንድ ቅጠል ያህል ያወጣል፤ ስለዚህ ጠባሳውን ቆጥረህ ለ12 ወይም ለ13 ብታካፍል ግምት ታገኛለህ። መሬት ላይ ቁጭ ያለበትን ዓመታት ጨምርበት። ያንተ ግን ዋሺንግቶኒያ የሚባለው፣ ከሜክሲኮ በኩል የመጣው ዘንባባ ይመስለኛል፤ የቅጠሉ ብዛት እንደ ውሃው ይለያያል፣ ታች ያለው ጠባሳም ይደበዝዛል። ይልቅ ግንዱ ወገቡ ላይ ቀጥኖ እንደገና የሚወፍርበት ቦታ ካለ ተመልከት። ጫፉ እዚያ በደረሰበት ዘመን ተርቦ ወይም ታሞ ነበር ማለት ነው። ሲያገግም ወፈረ፣ የቀጠነው ግን እንደቀጠነ ቀረ።

የእንጅባራው ልጅ፦

ይሄማ የኛ ቀርቀሃ ነው እኮ! ክረምት ላይ ከመሬት ብቅ ሲል ውፍረቱን ይዞ ነው የሚመጣው። በጥቂት ወር ውስጥ ቁመቱን ይጨርሳል፣ ከዚያ በኋላ አንድ ጣት አይወፍርም። አባቴ ዕድሜውን የሚያውቀው በመልኩ ነው። የዘንድሮው ለስላሳና አረንጓዴ ነው፣ ገለባው ገና አልረገፈለትም። ከርሞ ያለፈው ይደበዝዛል፣ አንጓው ላይ ሽበት ያወጣል። ሦስት ዓመት ያልሞላውን ከቆረጥክ ነቀዝ ይበላዋል፣ አጥርም አይሆንም።

አንድ ጥያቄ እትዬ። እኛ ቤተ ክርስቲያን ግቢ ያለው ጥድ ለሦስት ሰው አይታቀፍም። 800 ዓመቱ ነው ይላሉ። ይሆናል?

እትዬ ዝግባ፦

ዛፉን ሳላይ አልፈርድም፤ ውፍረት ግን ዕድሜ አይናገርም። ግቢ ውስጥ ለብቻው፣ ብርሃንና ውሃ አግኝቶ የቆመ ጥድ ቶሎ ይወፍራል። ገደል አፋፍ ላይ፣ በስስ አፈር የቆመው ደግሞ ክንድህን አክሎ ከአያትህ ይበልጣል። መናገሻ ሱባ ደንን ዐፄ ዘርዓ ያዕቆብ አስተከሉት ይባላል፣ ያ 15ኛው ክፍለ ዘመን ነው፤ እዚያም ቢሆን እያንዳንዱን ወፍራም ዛፍ ከዚያ ዘመን ነው ማለት አይቻልም። ለመቁጠር ደግሞ ዛፍ መጣል አያስፈልግም። መሃሉ ክፍት የሆነ በእጅ የሚዞር መሰርሰሪያ አለ፤ ከእርሳስ የቀጠነ ዘንግ ያወጣል፣ ዛፉም ይተርፋል። ችግሩ ብዙ ሽማግሌ ጥድ መሃሉ የበሰበሰ ነው። መጀመሪያዎቹ ቀለበቶች አብረው ሄደዋል። ለካህናቱም ሳታስፈቅድ መሰርሰሪያ ይዘህ እንዳትገባ!

አናጢው ከባሕር ዳር፦

እትዬ፣ እግዜር ያክብርልኝ። እርሳሱን ይዤ ተከተልኩት። እውነትም አንዱ ጎን ላይ ሦስት አራቱ ተጣብቀው አንድ ይሆናሉ። አሁን ለደንበኛው ምን ልበለው? ስለ ዘንባባውስ፣ አለቃዬ "ጣለው" እያለ ነው። መሃሉ ሲደርቅ ተጨማዶ ሰምጧል።

እትዬ ዝግባ፦

ለደንበኛው እንዲህ በለው። ወራጁ ሲጠረብ የውጭው ክፍል ተነሥቷል፤ ስንት ቀለበት እንደሄደ አታውቅም። የግንዱ እምብርት እዚያ ከሌለም የመጀመሪያዎቹ ዓመታት የሉም። የት አካባቢ እንደበቀለም አይታወቅም። ስለዚህ ዓመት አትቅረጽ። መቅረጽ ካማረው "ከ120 በላይ ቀለበት" ብለህ ቅረጽለት፤ ማንም አይከራከርህም።

ዘንባባውን አትጣሉት። ፊሊፒንስ ውስጥ የኮኮናት ግንድ ቤት ይሠራበታል፣ ግን ለይተው ነው። ዳር ዳሩ በኪዩቢክ ሜትር ከ600 ኪሎ በላይ የሚመዝነው ለምሰሶና ለወለል ይሆናል፤ መሃሉ ከ400 በታች ነው፣ ሸክም አይሰጠውም። አንተም ከቅርፊቱ ሥር ያለውን ጠንካራውን ክፍል ብቻ በቀጭን ጣውላ አውጣ። ጥላ ውስጥ፣ በየመሃሉ ለነፋስ ክፍተት ትተህ ደርድረው፤ ፀሐይ ላይ ካወጣኸው ይጣመማል። ሲደርቅ ጎን ለጎን በኮላ አጣብቀህ የዱካ መቀመጫ አድርገው። ስትልገው ምላጩ ስል ይሁን፣ ትንሽ ትንሽ ንሳ፤ ጭረቱ ከተነሣ ተመልሶ አይተኛም፣ የተቀመጠውንም ሰው ሱሪ ይይዛል።